ቲኤንኤፍ ይወጣል፣ አይኤል-1 ቤታ ግን የለም፦ ሕዋሱ የለየው ቶክሲኑን ነው ወይስ ኤልፒኤሱን?

#1 ጥያቄ_በዛ

ሰላም ለመድረኩ። ግራ የሚያጋባ ውጤት አለ፣ እስቲ አብራችሁ እዩት።

የስታፊሎኮከስ ኦሬየስ አልፋ-ሄሞሊዚን በኢ. ኮላይ ውስጥ ተመርቶ በኒኬል ኮለም ተጣርቷል። ራው264.7 ማክሮፋጆች (የአይጥ ሕዋስ ዘር) ላይ በሚሊሊትር 1 ማይክሮግራም ተጨምሮ 6 ሰዓት ቆየ። ሚዲየሙ 10% ሴረም አለው። በኤላይዛ (የፕሮቲን መጠን መለኪያ) ቲኤንኤፍ-አልፋ (የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን) ጣሪያ ነካ። በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በመጠን ለይቶ በሚያሳየው) ግን ሕዋሱ ውስጥ ያለው 31 ኪሎዳልተን የሆነው ያልተቆረጠው አይኤል-1 ቤታ (ሌላ የብግነት መልእክተኛ) ብቻ ነው። ውጪ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ተቆርጦ የበሰለው 17 ኪሎዳልተኑ የለም። ማነጻጸሪያው ባዶ ፒቢኤስ ነው።

«ይህ ቶክሲን ኢንፍላማሶም (አይኤል-1 ቤታን የሚያስቆርጠውን የሕዋስ ውስጥ የፕሮቲን ስብስብ) አይቀሰቅስም» ብሎ መደምደም ይቻላል?

#2 ፒፔት_ያዥ

አይቻልም። ሁለት የተለያዩ ስህተቶች ተደራርበው አንድ ውጤት መስለዋል።

አንደኛ፣ ራው264.7 የኤኤስሲ ፕሮቲን የለውም። ኤንኤልአርፒ3 (የኢንፍላማሶሙ ዳሳሽ) ቢነቃ እንኳ ከካስፔዝ-1 (ከሚቆርጠው ኢንዛይም) ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ስለሌለ አይኤል-1 ቤታ ሳይቆረጥ ይቀራል። እዚያ ሕዋስ ላይ ኤንኤልአርፒ3ን በሚያነቃው በንጹሕ ኒጀሪሲን ብትሞክረውም 17ቱን አታገኝም። ለዚህ ጥያቄ ጄ774ኤ.1፣ ከአይጥ መቅኔ የወጡ ማክሮፋጆች ወይም ቲኤችፒ-1 (የሰው ሞኖሳይት ሕዋስ ዘር) ይሻላሉ።

ሁለተኛ፣ ቲኤንኤፉ ከቶክሲኑ መምጣቱን የሚያሳይ ምንም ማስረጃ የለህም። ከኢ. ኮላይ የወጣ ፕሮቲን ኤልፒኤስ (ኢንዶቶክሲን፣ የግራም-ኔጋቲቭ ባክቴሪያ የውጭ ሽፋን ቅባት) ይዞ ይወጣል፤ የኒኬል ኮለም አያጠራውም። ሒሳቡን ሥራው፦ ዝግጅትህ በማይክሮግራም 10 የኢንዶቶክሲን ዩኒት ቢኖረው (ተጨማሪ ማጣሪያ ላላለፈ ፕሮቲን ይህ ብዙ አይደለም)፣ ሕዋሱ ላይ በሚሊሊትር 10 ዩኒት አፈሰስክ ማለት ነው። 1 ዩኒት በግምት 100 ፒኮግራም የኢ. ኮላይ ኤልፒኤስ ነው። ስለዚህ በሚሊሊትር 1 ናኖግራም አለህ። ሴረም ባለበት ማክሮፋጅ ቲኤንኤፍ እንዲያፈስ ከበቂ በላይ ነው።

#3 ሊፒድ_ኤ

#2 ትክክል ነው። ያቺ 1 ናኖግራም ለምን ይህን ያህል ጉልበት እንዳላት ግን ማየት ይገባል፤ ማነጻጸሪያው የሚመረጠው ከዚያ ስለሆነ።

ኤልፒኤስ በውሃ ውስጥ ብቻውን አይዋኝም፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይከማቻል። ሴረም ውስጥ ያለው ኤልቢፒ ከክምችቱ አንዳንድ ሞለኪውል እየነቀለ ለሲዲ14 ያቀብላል፣ ሲዲ14 ደግሞ ለቲኤልአር4 (ለኤልፒኤስ ተቀባይ) ተጣማሪ ለኤምዲ-2። ኤምዲ-2 ጥልቅ ኪስ አለው። የኢ. ኮላይ ሊፒድ ኤ (የኤልፒኤሱ የቅባት ክፍል) ስድስት የስብ ሰንሰለት ሲኖረው አምስቱ ኪሱ ውስጥ ይቀበራሉ። ስድስተኛው አፉ ላይ ቀርቶ ከሁለተኛው ቲኤልአር4 ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ተቀባዮች ተጣመሩ ማለት በውስጥ በኩል ያሉት ጭራዎቻቸው ተገናኙ ማለት ነው። አራት ሰንሰለት ያለው ሊፒድ 4ኤ በሰው ኤምዲ-2 ኪስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለሚሰምጥ የሚያጣምር ነገር አይቀርም፤ እንዲያውም ለሌላው ኤልፒኤስ መንገድ ይዘጋል። በአይጥ ግን ያው ሞለኪውል ይቀሰቅሳል። የየርሲኒያ ፔስቲስ ባክቴሪያ በ37 ዲግሪ አራት ሰንሰለት ወዳለው ሊፒድ ኤ መዞሩ ለዚህ ነው፤ በቁንጫው ሙቀት ስድስቱን ይሠራል፣ ሰው ውስጥ ሲገባ ይደበቃል።

ከሽፋኑ በታች ምልክቱ በሁለት ቦታ ይከፈላል። የሕዋሱ ውጫዊ ሽፋን ላይ እያለ ቲራፕ የሚባለው አገናኝ የሽፋኑን ፎስፎኢኖሲታይድ ቅባት ይዞ ማይዲ88ን ይጠራል፤ አይራክ4፣ ትራፍ6፣ ታክ1፣ ከዚያ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ። ቲኤንኤፍና ያልተቆረጠው አይኤል-1 ቤታ የሚመጡት ከዚህ ነው። ሲዲ14 ተቀባዩን ጎትቶ ወደ ኢንዶሶም ሲያስገባው ትራምና ትሪፍ ይረከባሉ፤ አይአርኤፍ3 ነቅቶ ኢንተርፌሮን-ቤታ ይወጣል። አንድ ተቀባይ ነው፣ የቆመበት ሽፋን ግን መልሱን ይቀይራል።

ተግባራዊ መዘዙ፦ ያለ ሴረም ከሠራህ ኤልፒኤሱ እጅግ ይደክማል፣ ብዙ እጥፍ መጨመር ይኖርብሃል። «ያለ ሴረም ሞከርኩት፣ ምንም አልሆነም፣ ስለዚህ ኤልፒኤስ የለውም» የሚል ክርክር ዋጋ የለውም።

#4 ጥያቄ_በዛ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሕዋሱ ይቀየራል። ለኤልፒኤሱ ግን ቀላሉ መንገድ ቶክሲኑን ማፍላት አይደለም? ፕሮቲኑ ይሞታል፣ ኤልፒኤሱ ይተርፋል። ምልክቱ ከፈላም በኋላ ከቀጠለ ኤልፒኤስ ነበር ማለት ነው።

#5 ቤንች_ዳር

አዎ፣ 95 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ። የተለመደው ማነጻጸሪያ ይኸው ነው። ኤልፒኤስ በአውቶክሌቭ እንኳ አይጠፋም፤ ከብርጭቆ ዕቃ ላይ ለማጥፋት 250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያስፈልጋል።

#6 ሰባት_እግር

ለብዙ ፕሮቲን የ#5 ምክር ልክ ነው። ለአልፋ-ሄሞሊዚን ግን ወጥመድ ነው! ይህ ቶክሲን በ60 እና 70 ዲግሪ መካከል ኃይሉን ያጣል፤ ወደ 100 ሲጠጋ ከፊሉ ይመለስለታል። በአሬኒየስ ስም የሚጠራ የቆየ ክስተት ነው። ስለዚህ 95 ዲግሪ አፍልተህ «ሞተ» ያልከው ቶክሲን ከፊሉ በሕይወት ሊኖር ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ማነጻጸሪያ ኤች35ኤል ሚውታንት ነው፦ 35ኛው ሂስቲዲን በሉሲን የተተካበት። ሕዋሱ ላይ ይያያዛል፣ የሚሠራ ቀዳዳ ግን አይከፍትም። በዚያው ዘር፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ኮለም ካዘጋጀኸው የኤልፒኤስ ጭነቱም ይቀራረባል፤ ሁለቱንም በኤልኤኤል (የኢንዶቶክሲን መለኪያ ሙከራ) ለክተህ አረጋግጥ። ሚውታንቱም ያንኑ ያህል ቲኤንኤፍ ካስወጣ ቲኤንኤፉ የቀዳዳው ሥራ አይደለም።

ለማያምን ተጠራጣሪ ሁለተኛ መንገድ፦ ቲኤልአር4 የሌላቸው የአይጥ ማክሮፋጆች፣ ወይም ታክ-242 (የቲኤልአር4 ማገጃ) በ1 ማይክሮሞላር፣ ከቶክሲኑ 30 ደቂቃ ቀድሞ። የሲ3ኤች/ኤችኢጄ አይጥ ማክሮፋጅም ያገለግላል። በ1998 የቦይትለር ቡድን ቲኤልአር4 የኤልፒኤስ ተቀባይ መሆኑን ያወቀው ከዚሁ አይጥ ነው፤ 712ኛው ፕሮሊን ወደ ሂስቲዲን ተቀይሮበት ለኤልፒኤስ ደንቆሮ ሆኗል።

#7 ቤንች_ዳር

ስለ አሬኒየሱ አመሰግናለሁ፣ የ#5 ምክር ለዚህ ቶክሲን ተሰርዟል። ፖሊሚክሲን ቢስ? ርካሽ ነው፣ ሊፒድ ኤን ይይዛል።

#8 ሰባት_እግር

ቲኤንኤፍ ብቻ የምትለካ ከሆነ ይሁን። አይኤል-1 ቤታ የምትለካ ከሆነ አይሁን፤ በኤልፒኤስ ፕራይም የሆኑ (አስቀድመው የተዘጋጁ) ሕዋሳት ላይ ራሱ ፖሊሚክሲን ቢ ኤንኤልአርፒ3ን ይቀሰቅሳል። ማነጻጸሪያህ ያንኑ የምትፈልገውን ምልክት ሲያመጣ ማንን ልትከስ ነው?

#9 ፖታሲየም

እስካሁን የተወራው ስለ ምልክት አንድ ነው፤ ኤልፒኤስ ቲኤንኤፍንና ያልተቆረጠውን አይኤል-1 ቤታ የሚያሠራበት። ምልክት ሁለት፣ ማለትም ኢንፍላማሶሙን የሚያነቃው፣ የቶክሲኑ እውነተኛ ሥራ ነው።

አልፋ-ሄሞሊዚን ኤዳም10 (የሕዋሱ ሽፋን ፕሮቲን) ላይ ያርፋል። ሰባት ሞኖመሮች ተሰብስበው በጠባቡ ቦታ 1.4 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ ይሠራሉ። በዚያ በኩል ፕሮቲን አያልፍም፣ አዮን ግን ያልፋል። ሕዋሱ ውስጥ ፖታሲየም 140 ሚሊሞላር አካባቢ ነው፣ ውጪ 5። በሩ ሲከፈት ወዴት እንደሚፈስ ግልጽ ነው። ኤንኤልአርፒ3 የሚነቃው በዚህ መጉደል ነው፤ የቶክሲኑን ቅርጽ አይቶ አያውቅም፣ ሊያየውም አይችልም። ኒጀሪሲን፣ ኤቲፒ በፒ2ኤክስ7 በኩል፣ ስትሬፕቶሊዚን ኦ በቅርጽ የማይገናኙ ሆነው አንድ ዳሳሽ የሚቀሰቅሱት ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ኤኤስሲ በአንድ ሕዋስ አንድ 1 ማይክሮሜትር ገደማ ነጥብ ሆኖ ይሰበሰባል፤ በማይክሮስኮፕ ሊቆጠር ይችላል። ካስፔዝ-1 ነቅቶ ሁለት ነገር ይቆርጣል፦ አይኤል-1 ቤታን እና ጋስደርሚን ዲን። የጋስደርሚን ዲ የፊት ቁራጭ ከውስጥ በኩል ባለው የሽፋን ግማሽ ላይ ያሉትን አሲዳማ ቅባቶች (ፎስፎኢኖሲታይዶችና ፎስፋቲዲልሴሪን) ይይዛል፤ 33 ያህሉ ተሰልፈው 21 ናኖሜትር ገደማ ቀዳዳ ይከፍታሉ። የበሰለው አይኤል-1 ቤታ የሚወጣው በዚህ ነው። የባክቴሪያው ቀዳዳ ከውጭ ተከፈተ፣ ሕዋሱ ደግሞ በራሱ እጅ ትልቁን ከውስጥ ከፈተ ማለት ነው።

ፈተናው ይህ ነው፦ ውጪ ያለውን ፖታሲየም ከፍ አድርግ። ተዳፋቱ ሲጠፋ ምልክቱ ይቆማል። ነገር ግን ሚዲየም ላይ ፖታሲየም ክሎራይድ ዝም ብለህ አትጨምር። 50 ሚሊሞላር መጨመር ኦስሞላሊቲውን በ100 ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ የጨው ጫና ለብቻው ውጤቱን ያዛባዋል። ሶዲየም ክሎራይዱ በዚያው ልክ የተቀነሰበት ቡፈር ሥራ። ከዚያ ጎን የኤንኤልአርፒ3 ማገጃውን ኤምሲሲ950 ጨምር። በናኖሞላር ደረጃ የሚሠራ ማገጃ ነው፣ 1 ማይክሮሞላር ይበቃል። ሁለቱም 17ቱን ካጠፉ መንገዱ ኤንኤልአርፒ3 ነው።

#10 ፒፔት_ያዥ

በተግባር ለቲኤችፒ-1 እንዲህ ይሁን፦

ፒኤምኤ (ሕዋሱን ወደ ማክሮፋጅ የሚቀይረው ኬሚካል) 100 ናኖሞላር ለ24 ሰዓት፣ ከዚያ ያለ ፒኤምኤ ቢያንስ ሌላ 24 ሰዓት ዕረፍት። ዕረፍቱን የሚዘሉ ሰዎች መነሻቸው ከፍ ብሎ ይታያል፣ ፒኤምኤ ራሱ አይኤል-1 ቤታን ስለሚያስነሳ። ቀጥሎ ንጹሕ ኤልፒኤስ በሚሊሊትር 100 ናኖግራም ለ3 ሰዓት። «ንጹሕ» ስል ሊፖፕሮቲን የተወገደለት፤ ተራው ዝግጅት ቲኤልአር2ንም ስለሚነካ የቲኤልአር4 ማገጃ ግማሽ ብቻ የሠራ ያስመስለዋል። የኤልፒኤስ ስቶኩን ከመጠቀምህ በፊት በደንብ ቮርቴክስ አድርገው፤ ክምችቱ ካልተበተነ ከቀን ቀን ውጤቱ ይለያያል።

ከዚያ እጠብና ሴረም የሌለው ሚዲየም ቀይር። እዚህ ላይ ሴረም አያስፈልግህም፣ ፕራይሚንጉ አልፏል። የሴረሙ አልቡሚን 66 ኪሎዳልተን ላይ ብሎቱን ያጣምመዋል። ቶክሲኑን በሦስት ወይም በአራት መጠን ስጥ፣ ለምሳሌ በሚሊሊትር 0.1፣ 0.3፣ 1 እና 3 ማይክሮግራም፣ ለ1 እና ለ2 ሰዓት። አዎንታዊ ማነጻጸሪያ ኒጀሪሲን 10 ማይክሮሞላር ለ1 ሰዓት። ኤቲፒ የምትጠቀም ከሆነ 5 ሚሊሞላር ለ30 ደቂቃ፤ ስቶኩ አሲድ ስለሆነ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 7.4 መልሰው፣ አለበለዚያ የምትለካው የአሲዱን ጉዳት ነው።

መጠኑ ለምን ብዙ? ቶክሲኑ ከበዛ ሕዋሱ ካስፔዝ-1 ሳይነቃ በቀጥታ ይፈነዳል፣ 31ዱ ሳይቆረጥ ይፈሳል። ኤላይዛው ሁለቱን ሁልጊዜ አይለይም። ብሎት ሳታይ በኤላይዛ ብቻ «ኢንፍላማሶም ነቃ» አትበል።

#11 ጥያቄ_በዛ

ይህ ጥሩ ነጥብ ነው። ታዲያ ኤልዲኤች (ሕዋስ ሲሞት የሚፈስ ኢንዛይም) ዝቅ ብሎ አይኤል-1 ቤታ ቢወጣስ? የጋስደርሚን ቀዳዳ ከተከፈተ ኤልዲኤችም አብሮ መውጣት አልነበረበትም?

#12 ፖታሲየም

የግድ አይደለም። ኤልዲኤች 140 ኪሎዳልተን ቴትራመር ነው፤ በጋስደርሚን ቀዳዳ እንደ ልቡ አያልፍም። የሚወጣው ሽፋኑ ራሱ ሲቀደድ ነው፣ መቅደዱ ደግሞ በ2021 እንደታወቀው የኒንጅ1 ሥራ ነው፤ ይህ ፕሮቲን ሽፋኑ ላይ ተሰብስቦ ይቦጭቀዋል። ስለዚህ ሦስት እርከን አለ፦ ፕሮፒዲየም አዮዳይድ የተባለው ቀለም ገባ (ቀዳዳ ተከፈተ)፣ አይኤል-1 ቤታ ወጣ፣ ኤልዲኤች ወጣ (ሽፋኑ ተቀደደ)።

5 ሚሊሞላር ግላይሲን ብትጨምር ሦስተኛውን ታስቆማለህ፣ ሁለተኛው ይቀጥላል። ግላይሲን የኒንጅ1ን መሰባሰብ ይከለክላል። በዚህ ዘዴ ሕዋሱ ሳይቀደድ የሚወጣውን አይኤል-1 ቤታ ለይተህ ማየት ትችላለህ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ የጋስደርሚን ቀዳዳ ግድግዳ አሉታዊ ሙላት አለው። ያልተቆረጠው አይኤል-1 ቤታ አሲዳማ ስለሆነ ይገፋዋል፣ የበሰለው በቀላሉ ያልፋል። ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ወንፊትም ነው።

#13 አንጀት_በላ

ሰላም፣ ከሩቅ እያነበብኩ ነበር። የኔ ጥያቄ የኮሌራ ቶክሲን ቢ ክፍልን ይመለከታል። ቀዳዳ አይከፍትም፣ ኢንዛይም የለውም። ኤልፒኤስ ፕራይም በሆኑ የአይጥ ማክሮፋጆች ላይ ግን አይኤል-1 ቤታ ያስወጣል፣ ያውም ኤልፒኤሱ ኦ111፦ቢ4 ሲሆን ብቻ። ከምን የተነሳ ነው?

#14 ሊፒድ_ኤ

ቢ ክፍሉ ተሸካሚ ስለሆነ ነው። የኦ111፦ቢ4ን የስኳር ሰንሰለት ይይዝና ኤልፒኤሱን ይዞ ወደ ሳይቶሶል ይገባል። እዚያ ቲኤልአር4 የለም፤ የሚጠብቀው ካስፔዝ-11 ነው፣ በሰው ካስፔዝ-4 እና 5። ሊፒድ ኤ በቀጥታ ይይዛቸዋል፣ ይነቃሉ፣ ያለ ካስፔዝ-1 ጋስደርሚን ዲን ይቆርጣሉ። ከዚያ በጋስደርሚን ቀዳዳ ፖታሲየም ይፈስና ኤንኤልአርፒ3 ዘግይቶ ይነቃል፤ አይኤል-1 ቤታውን የሚቆርጠው ያኔ ነው።

ስለዚህ #6 ላይ ለተጻፈው አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር፦ ታክ-242 ይህን መንገድ አይዘጋም። ቲኤልአር4 ታግዶ ምልክቱ ቢቀጥል «ኤልፒኤስ አይደለም» ማለት አይደለም፣ «በውጭው በር የገባ ኤልፒኤስ አይደለም» ማለት ብቻ ነው። የቆዩ የካስፔዝ-1 ኖክአውት (ጂኑ የተወገደባቸው) አይጦች ላይ የተሠራ ነገር ስታነቡም ተጠንቀቁ። በ129 ዘር የግንድ ሕዋስ ስለተሠሩ የካስፔዝ-11 ጉድለትንም ተሸክመው ነበር፤ ይህ የታወቀው በ2011 ነው።

#15 አንጀት_በላ

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። የክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል ቶክሲን ቲሲዲቢስ በዚሁ መደብ ይገባል?

#16 ሰባት_እግር

አይገባም፣ የሱ ዳሳሽ ፓይሪን የተባለ ሌላ የኢንፍላማሶም ዳሳሽ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ለኔ የሚያምረው እሱ ነው። ቲሲዲቢ ሩኤ የተባለውን የሕዋስ መቆጣጠሪያ ፕሮቲን 37ኛው ትሪዮኒን ላይ ግሉኮስ ለጥፎ ያደነዝዘዋል። ሩኤ በደህናው ጊዜ ፒኬኤን የተባሉትን ኪናዞች ያሠራል፤ እነሱ ፓይሪንን ፎስፎሪሌት ያደርጋሉ፣ 14-3-3 ፕሮቲን ይዞ ያስተኛዋል። ሩኤ ሲደነዝዝ እስሩ ይፈታል፣ ፓይሪን ኤኤስሲን ይጠራል። ዘበኛው የሚጠብቀው ሌባውን አይደለም፣ መቆለፊያውን ነው። ከሌላ ባክቴሪያ የመጣ፣ ሩኤን በሌላ ኬሚስትሪ የሚያበላሽ ሲ3 ቶክሲንም ያው ፓይሪንን ያነቃል።

ከኤንኤልአርፒ3 ለመለየት ኮልቺሲን ጥሩ ነው፦ ፓይሪንን ያስቆማል፣ ኤምሲሲ950 ግን አይነካውም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርግ። ኢንዛይሙ የሞተበት ቲሲዲቢም ማነጻጸሪያ ይሁንህ።

#17 ቤንች_ዳር

አንትራክስስ? የአይጥ ዘር ይወስነዋል ሲባል ይሰማል።

#18 ሰባት_እግር

ይወስነዋል። የአንትራክሱ ሊታል ፋክተር ፕሮቲኤዝ የአይጥን ኤንኤልአርፒ1ቢ (ሌላ የኢንፍላማሶም ዳሳሽ) የፊት ጫፍ ይቆርጣል። የተቆረጠው ጫፍ ለፕሮቲያሶም (ፕሮቲን ለሚያፈርሰው የሕዋስ ማሽን) ምግብ ይሆናል፣ የፊቱ ክፍል ሲበላ የኋላው ተፈትቶ ኢንፍላማሶም ይሠራል። የባልብ/ሲ ማክሮፋጅ በጥቂት ሰዓት ያልቃል፤ የሲ57ብላክ/6 ኤንኤልአርፒ1ቢ ግን በሊታል ፋክተር ስለማይነቃ ሕዋሱ ይተርፋል። የፕሮቲያሶም ማገጃ ሕዋሱን ያድነዋል፣ ለዓመታት እንቆቅልሽ የነበረው ይህ ነበር። የሰው ኤንኤልአርፒ1 በሊታል ፋክተር አይነቃም፤ ስለዚህ የአይጡን ውጤት ወደ ሰው አታሻግር።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ፒቪኤልን (ሌላውን የስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ቀዳዳ ከፋች ቶክሲን) በአይጥ ሕዋስ የሚሞክር ካለ ይተወው። የሰውን ሲ5ኤአር1 ተቀባይ እንጂ የአይጡን አይዝም።

#19 አዲስ_ገብ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣ ይላል። ቲኤልአር4ን በመድኃኒት መዝጋት ሴፕሲስን ለምን አላዳነም?

#20 ሊፒድ_ኤ

በአጭሩ፣ ኤሪቶራን የሊፒድ ኤ መሰል ማገጃ ነበር፤ በ2013 በታተመው ትልቅ ሙከራ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱትን ቁጥር አልቀነሰም። ታማሚው ሲደርስ ቲኤልአር4 ምልክቱን ከሰጠ ቆይቷል፤ ሁሉም ሴፕሲስ ከግራም-ኔጋቲቭ አይመጣም፤ የካስፔዝ-4 መንገድም በዚህ አይዘጋም። ሰፊ ነው፣ ሌላ ክር ክፈትበት።

#21 ጥያቄ_በዛ

እንግዲህ ዕቅዱ፦ ቲኤችፒ-1፣ ቶክሲኑና ኤች35ኤል በአንድ ላይ ተመርተው፣ ኤልፒኤሱ በትራይተን ኤክስ-114 ተጠርጎ፣ በኤልኤኤል ተለክቶ፤ ከዚያ የ#10 ቅደም ተከተል፣ ከፖታሲየሙ ቡፈርና ከኤምሲሲ950 ጋር። የጎደለ አለ?

#22 ፒፔት_ያዥ

ሁለት ነገር። ትራይተን ኤክስ-114ን በበረዶ ላይ ቀላቅለህ በ37 ዲግሪ ለይ፣ ሁለት ሦስት ዙር። ግን ሳሙና ሞኖመሩን ወደ ሰባቱ ስብስብ ሊገፋው ይችላል (ዲኦክሲኮሌት በዚህ የታወቀ ነው)፤ አስቀድሞ የተሰበሰበ ቶክሲን ሕዋስ ላይ አይሠራም። የቀረ ትራይተን ደግሞ ራሱ ሽፋን ይበሳል። ከጠረጋው በኋላ በጥንቸል ቀይ የደም ሕዋስ ላይ የመፍረስ ሙከራ አድርግ። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ለዚህ ቶክሲን ደካማ ምላሽ ስላለው አይመከርም። ከጠረጋው በፊት ከነበረው ጋር አወዳድረው። ቶክሲኑ የተጨመረበት ቡፈር ብቻውንም (ያለ ፕሮቲን፣ በዚያው ጠረጋ ያለፈ) አንድ ዌል ይኑረው።

ኤልኤኤሉ ላይ፣ የታወቀ መጠን ኤልፒኤስ ናሙናው ውስጥ ጨምረህ ከ50 እስከ 200% ተመልሶ መገኘቱን እይ። ካልተመለሰ ናሙናው እየሸፈነው ነው፣ «ዜሮ» የሚለው ቁጥር ውሸት ነው። ቤታ-ግሉካን ካለም በተቃራኒው በሌለ ኤልፒኤስ ያስጮኸዋል፤ በፋክተር ሲ ብቻ የሚሠራው ሪኮምቢናንት ኪት ይህ ችግር የለበትም።

#23 ፖታሲየም

አንድ ዌል ደግሞ ያለ ኤልፒኤስ ፕራይሚንግ፣ ቶክሲን ብቻ። 17ቱ እዚያም ከታየ ዝግጅቱ ምልክት አንድን ራሱ ይዞ መጥቷል፣ ወደ #2 ተመለስ። የሰው ትኩስ ሞኖሳይት ከሆነ ግን ይህን ዌል እንዲህ አታንብበው፤ እሱ በኤልፒኤስ ብቻ፣ ያለ ምልክት ሁለት፣ አይኤል-1 ቤታ ያወጣል።